ማሽኑ ማንን ይጠይቅ? በሰሜን ሸዋ አምስት ቢሮዎችን ከሚያገናኝ ኔትወርክ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ሰኔ 28 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የመሐል ሜዳ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የመስመሩ መብራት አረንጓዴ ነው። ሲስተሙ ግን ይመጣል ይሄዳል። ሰው ተሰልፏል» አሉኝ። እኔም «ሲስተሙ ራሱ እያስተካከለው ነው፣ ትንሽ ይታገሡ» አልኳቸው።

እሳቸው ትክክል ነበሩ። እኔና ማሽኑ፣ ማለትም ኔትወርኩን የምታስተዳድረው ፕሮግራማችን፣ ተሳስተን ነበር። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀን ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሞከርን፣ የትኛው እንደሠራና የትኛው እንዳልሠራ ይመዘግባል። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ተቋም ኔትወርክ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ነገር ላይ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። የተቋሙንና የሰዎቹን ስም አልጠቅስም።

ቦታውና ኔትወርኩ

ተቋሙ ገንዘብ ይቆጥባል፣ ያበድራል። ዋናው ቢሮ ደብረ ብርሃን ነው። ቅርንጫፎቹ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አንኮበርና መሐል ሜዳ ናቸው። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ርቀቱን ለመገመት አይቸገርም። ከደብረ ብርሃን ጣርማበር ድረስ ብርድና ጉም ነው። ከዚያ አንዱ መንገድ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲናና ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሌላው ወደ መንዝ ይገባል። ከዋናው ቢሮ መሐል ሜዳ ደርሶ ለመመለስ ቀኑ ያልቃል።

የሒሳብ መዝገቡ ደብረ ብርሃን ባለው ሰርቨር ላይ ነው። ቅርንጫፉ ከሰርቨሩ ጋር ካልተገናኘ ገንዘብ ማስገባትም ማውጣትም አይቻልም። ደንበኛው «ሲስተም የለም» ይባላል። ይህች ሁለት ቃል ከተማ ውስጥ ታበሳጫለች፤ መንዝ ላይ ግን ከዚያ በላይ ናት። ከጓሳ በኩል በእግሩ ሰዓታት ተጉዞ የመጣ ሽማግሌ ለዘር መግዣ ያስቀመጠውን ገንዘብ ሳያገኝ ይመለሳል። ለእኛ የራውተር ጉዳይ የሆነው ለእሱ የአንድ ቀን ሕይወት ነው።

እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ መደበኛው የፋይበር መስመር ነው። ሁለተኛው ሲም ካርድ የገባበት የሞባይል ዳታ መሣሪያ ነው፤ ለመጠባበቂያ ተብሎ በወር ፓኬጅ ይሞላል። ሁለቱም የሚገናኙት ሚክሮቲክ የሚባል ኩባንያ በሠራው አንድ ራውተር፣ ማለትም መረጃውን በየመንገዱ በሚመራ መሣሪያ፣ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ

መጀመሪያ ላይ ሥራው በእጅ ነበር። መስመር ሲቋረጥ ቅርንጫፉ ይደውላል። እኛ በሌላው መንገድ ገብተን እናዞረዋለን። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ከሆነ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ስለዚህ ኔትወርኩን በፕሮግራም እናስተዳድረው አልን። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በተለመደው ኔትወርክ እያንዳንዱ ራውተር መረጃው በየት በኩል ይሂድ የሚለውን ለራሱ ይወስናል። በፕሮግራም በሚታዘዝ ኔትወርክ ውሳኔው ከመሣሪያው ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ ላለ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ይሰጣል፤ መሣሪያው የታዘዘውን ብቻ ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከስታንፎርድና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች ኦፕንፍሎው የሚባለውን አሠራር ሲያቀርቡ ነገሩ በሰፊው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ጉግል የዳታ ማዕከሎቹን የሚያገናኘውን አውታር በዚህ መንገድ እንደሚያስተዳድር ይፋ አደረገ።

ሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ለሚያርስ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁሉም በየማሳው በር ላይ ቆሞ ውሃ ልውሰድ ቢል ጠብ ይሆናል። ስለዚህ የውሃ አባት ይመረጣል። ቦዩን ወዴት እንደሚያዞር የሚወስነው እሱ ነው።

የእኛ የውሃ አባት ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈች አጭር ፕሮግራም ነበረች። ደብረ ብርሃን ባለ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። በየደቂቃው ወደ አራቱም ቅርንጫፎች አምስት አምስት የሙከራ መልእክት ትልካለች። ከአምስቱ ሦስቱ ካልተመለሱ መስመሩ ተበላሽቷል ብላ ቅርንጫፉን ወደ ሞባይል ዳታ ታዞራለች። የፋይበሩን መንገድ ትዘጋለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፋይበሩን ከፍታ ትሞክራለች።

አራት ወር በጣም ጥሩ ሠራች። ቅርንጫፎቹ መደወል አቆሙ። እኛም ማየት አቆምን።

ሰኔ 28

ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው። ሁሉም ቅርንጫፍ የዓመቱን ሪፖርት ይልካል። ዝናብም ጀምሯል።

በዚያ ቀን የተበላሸው የዋናው ቢሮ የራሱ መስመር ነበር። ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም፤ የሚላከው መረጃ እየተንጠባጠበ ይጠፋ ነበር። ፕሮግራሟ ደግሞ ሁሉንም የምትለካው ከደብረ ብርሃን ነው። ስለዚህ አራቱም ቅርንጫፎች ባንድ ጊዜ የታመሙ መሰላት። አራቱንም ወደ ሞባይል ዳታ አዞረች። በሞባይል ዳታ የሄደውም መረጃ የሚገባው በዚያው በታመመው የደብረ ብርሃን መስመር ስለሆነ ምንም አልተሻለም። አምስት ደቂቃ ጠብቃ መለሰች። እንደገና አዞረች። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እንዲህ ስታመላልስ ዋለች።

መሐል ሜዳ ሪፖርቱን እየላከ ስለነበር ፓኬጁ ቶሎ አለቀ። ያለቀው ደግሞ ፕሮግራሟ ፋይበሩን በዘጋችበት ሰዓት ነው። አሁን ክፍት የሆነው መንገድ ሞቷል። ደህናው መንገድ በእኛ ትእዛዝ ተዘግቷል። ፋይበሩን ክፈት የሚለው ትእዛዝ የሚደርስበት ቀዳዳ የለም። የቆምንበትን ቅርንጫፍ ራሳችን ቆረጥነው።

በስልክ ለመፍታት ሞከርን። ፓኬጅ ከሌላ ስልክ ልንልክ ፈለግን፤ የሲሙን ቁጥር የመዘገበ ሰው አልነበረም። ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩት ገንዘብ ያዥዋን ጠየቅናቸው። ይህም አልጠቀመም። ሲስኮ የሚባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ራውተሮች ላይ ያልተቀመጠ ለውጥ መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራ ይሰረዛል። ሚክሮቲክ ላይ ግን ለውጡ እንደተሰጠ ወዲያው ይቀመጣል። ቢነሳም በዚያው ስህተት ይነሳል።

በማግስቱ ሌሊት ተነሥተን በጣርማበር ጉም ውስጥ ወደ መንዝ ሄድን። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር ካገናኘን በኋላ ጥገናው አራት ደቂቃ ፈጀ። ገንዘብ ያዥዋ ቡና አፍልተው ጠበቁን። አልተቆጡም። «አረንጓዴ ነው ብዬሃለሁ እኮ» ብቻ አሉኝ። ያቺ ቃል እስከ ደብረ ብርሃን አብራኝ መጣች።

በአንድ የሰሜን ሸዋ ቢሮ ብቻ የሚደርስ ነገር ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለ6 ሰዓት ገደማ ጠፍተው ነበር። የኩባንያው መሐንዲሶች እንዳብራሩት፣ በጥገና ሰዓት የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የዋናውን አውታራቸውን ግንኙነቶች በሙሉ ቆረጠ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንዳያልፍ የተሠራው መፈተሻ ራሱ ጉድለት ስለነበረበት አላስቆመውም። ከዚያም የድረ ገጽ ስምን ወደ ኢንተርኔት አድራሻ የሚተረጉሙት የስም ሰርቨሮቻቸው ከዳታ ማዕከሎቹ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው፣ በተሠሩበት ደንብ መሠረት ራሳቸውን ከኢንተርኔት አገለሉ። ባለሙያዎች በአካል ወደ ማዕከሎቹ መሄድ ነበረባቸው። ያንን ሳነብ የመንዝ መንገድ ትዝ አለኝ።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ሁሉንም ጠይቂ

ከዚያ በኋላ የወሰድነው እርምጃ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው። ፕሮግራሟ ያለ ሰው ፈቃድ ምንም እንዳታደርግ ከለከልናት። ለውጥ ስትፈልግ በቴሌግራም መልእክት ትልካለች። ተረኛው ባለሙያ «አዎ» ወይም «አይ» ይጫናል።

አንድ ወር ተኩል ቆየን። ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ ነገር፣ መልእክቱ በዛ። ሸዋ ሮቢት መስመሩ በሙቀቱ ሰዓት ይቆራረጥ ነበር። በአንድ ከሰዓት ብቻ ከሠላሳ በላይ ጥያቄ ይመጣል። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቅርንጫፍ 3 ይዙር?» ተረኛው በመጀመሪያው ሳምንት ኮምፒውተር ከፍቶ ያጣራል። በሁለተኛው ሳምንት ይጫናል። በሦስተኛው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ምሳ እየበላ፣ በእንቅልፍ ልቡ «አዎ» ይላል። አልወቅሰውም፤ እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ። አንድ ቀን «አዎ» ያልኩት ደብረ ሲናን በሥራ ሰዓት ያለ ምክንያት ወደ ሞባይል ዳታ አዞረው። ፓኬጁም አለቀ። ስህተቱ ያው የሰኔው ስህተት ነው፤ አሁን ግን የሰው ፊርማ አለበት።

ቀጥሎ ደግሞ፣ ጥያቄው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። የዋናው ቢሮ መስመር በታመመ ጊዜ ፕሮግራሟ ሰው የምትፈልገው ያኔ ነው። ቴሌግራሙም ያኔ አይደርስም።

ከሁሉም የከፋው ግን ሌላ ነው። የምትጠይቀው ሰው ምንም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደብረ ብርሃን የተቀመጠ ባለሙያ ፕሮግራሟ ያየችውን ያንኑ ቁጥር ነው የሚያየው። መሐል ሜዳ ያለውን መብራት አያይም። መብራቱን የሚያዩት ገንዘብ ያዥዋ ናቸው። እሳቸውን የጠየቀ ደግሞ የለም። ሰው ጨምረናል፤ እውቀት ግን አልጨመርንም።

የውሃ አባት ቦዩን ከማዞሩ በፊት ማሳው ላይ ያለውን ሰው ጠርቶ «ደርሷል ወይ?» ይላል። የእኛ አንድም ቀን እንዲህ ብላ አታውቅም።

ሦስተኛው አሠራር

እንደገና ተቀምጠን ሥራውን በሦስት ከፈልነው።

ማሽኑ ብቻውን የሚያደርገው፦ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሲታመም፣ የፓኬጁ ቀሪ ከግማሽ በላይ ከሆነና በዚያ ሰዓት ውስጥ አንዴም ካልተዞረ፣ ሳይጠይቅ ያዞራል። በተግባር አብዛኛው መቋረጥ እዚህ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥያቄው ቀነሰ።

ጠይቆ የሚያደርገው፦ ከዚያ ውጪ ያለውን ሁሉ።

ጨርሶ የማያደርገው፦ ሁለትና ከዚያ በላይ ቅርንጫፎች ባንድ ጊዜ የታመሙ ሲመስለው ማንንም አያዞርም። መጀመሪያ ራሱን ይጠርጥር። ይቆማል፣ ለእኛ ይነግራል፣ የደብረ ብርሃንን መስመር እንድናይ ያደርጋል። የሰኔ 28ቱን ቀን ይህች አንዲት ደንብ ብቻዋን ታድነው ነበር።

ከዚህ በላይ አንድ ትልቅ ለውጥ አደረግን። ማንኛውም ለውጥ ከመሰጠቱ በፊት፣ በቅርንጫፉ ራውተር ላይ የአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ይቀመጣል። ቀጠሮው «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደህና ነው ካልተባልክ ወደ ቀድሞው ተመለስ» ይላል። ቀጠሮው ዋናው ቢሮ ላይ ሳይሆን እዚያው ራውተሩ ውስጥ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ብንቆረጥ እንኳ መሣሪያው ራሱን ይመልሳል። በዘርፉ የቆየ ዘዴ ነው። ጁኒፐር መሣሪያዎች ላይ በአንድ ትእዛዝ ይገኛል፤ ጊዜው ካልተቀየረ አሥር ደቂቃ ነው። ሚክሮቲክም ለሰው የሚሆን ሴፍ ሞድ የሚባል አለው፤ ግንኙነቱ ድንገት ሲቋረጥ የተደረገውን ይመልሳል። እኛ ግን ትእዛዙን በፕሮግራም ስለምንልክ ቀጠሮውን ራሳችን ጻፍነው።

የመጠየቂያውንም መንገድ ቀየርን። ከዋናው ቢሮ ኮምፒውተር ጋር ሲም ያለው ሞደም አያያዝን። ጥያቄው በኤስኤምኤስ ይሄዳል። የሚሄደውም ለቅርንጫፉ ሰው ነው።

እዚህ ላይ የፊደል ነገር ገጠመን። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ቁምፊ ይይዛል። በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ይከፋፈላል፣ አንዳንዴም ተቆራርጦ ይደርሳል። ስለዚህ ጥያቄው አጭር መሆን ነበረበት። ከብዙ ሙከራ በኋላ የቀረው ይህ ነው፦ «አረንጓዴው ፕላስተር ጋ መብራት አለ? 1 አለ 2 የለም»። ፕላስተሩ የሚታየውን መብራት ለማመልከት የተለጠፈ ነው። ማጠሩ ጠቀመን። ስለ ራውተር አያወራም። ሰውዬው ቀና ብሎ አይቶ የሚመልሰው ነገር ነው።

የመጨረሻው ጭማሪ ብዙ ክርክር አስነሣ። ማንኛዋም የቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ «አቁም» ብላ ብትጽፍ፣ ፕሮግራሟ ያንን ቅርንጫፍ ለአንድ ሰዓት አትነካም። ሥራ አስኪያጁ «ኔትወርኩን ለገንዘብ ያዥ ልንሰጥ ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። መልሳችን፣ ማቆም እንጂ ማዞር አልሰጠናቸውም የሚል ነው። ቢሳሳቱ የሚጠፋው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ሲያደርጉት ደግሞ ለእኛም መልእክት ይመጣል።

የሠራውና ያልሠራው

በሚቀጥለው የበጀት መዝጊያ ከተማ ለቅቀን አልሄድንም። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ከመቆረጥ አድኖናል። በሁለቱም ጊዜ ቅርንጫፉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ራሱ ተመለሰ። «አቁም» ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ሁለቱ ልክ ነበሩ። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ በጠፋበት ሰዓት ስለነበር አልጠቀመም፤ አልጎዳምም።

የአንኮበሩ መጀመሪያ ላይ አልሠራም። የለመደችው ሠራተኛ ተዛወረች። አዲሱ ልጅ የትኛውን መብራት እንደሚያይ አልገባውም። ለአንድ ሳምንት የኮምፒውተሩን መብራት እያየ «1» ሲል ነበር። ፕላስተሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሁን በሁሉም ቅርንጫፍ ሲም ቁጥሩ፣ የፓኬጁ ቀንና የመብራቱ ቦታ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከራውተሩ በላይ ተለጥፏል። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ የሙከራ ጥያቄ እንልካለን። አዲስ ሰው መኖሩን የምናውቀውም በዚያ ነው።

ሰልፍ ሲኖር መልስ ይዘገያል። ገንዘብ እየቆጠረ ያለ ሰው ስልክ አያነሣም፤ ማንሣትም የለበትም። ስለዚህ በአሥር ደቂቃ መልስ ካልመጣ ነገሩ እንዳለ ይቆያል። ዝምታን «አዎ» ብሎ መውሰድ አደገኛ ነው። ለጥቂት ቀናት እንደዚያ ሞክረነው ተጸጸትን።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ክሊኒኮችን፣ ትምህርት ቤቶችን ወይም ወረዳ ቢሮዎችን የሚያገናኝ ሰው ከዚህ የሚወስደው አለ ብዬ አስባለሁ። በመጀመሪያ ቀጠሮውን ያስገባ። ምንም ወጪ የለውም፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሌላውን ሁሉ ባያደርግ እንኳ ይህን ያድርግ።

ቀጥሎ መለኪያውን ከአንድ ቦታ ብቻ አያድርግ። እኛ ጋ አሁን ቅርንጫፉም ራሱ ወደ ውጭ ይለካል። ሁለቱ ሲጋጩ ማሽኑ ይጠይቃል።

የሚጠየቀውን ሰው ሲመርጥ ማዕረግ አይመልከት። ማሽኑ የማያየውን የሚያየው ማን ነው ብሎ ይምረጥ። ጥያቄውም ያ ሰው ሊመልሰው የሚችል ይሁን። የመጠየቂያው መንገድ ደግሞ ከሚጠየቅበት ነገር ጋር አብሮ የማይወድቅ ይሁን። ጥያቄ ከበዛ ሰዉን ከመውቀስ ይልቅ ደንቡን ያስተካክል።

የቀረው

ሌሊቱ ገና አልተፈታም። ከ12 ሰዓት በኋላ ቅርንጫፍ ውስጥ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው። ሌሊት ገንዘብ አይንቀሳቀስም፤ የቀኑ መዝገብ ግን የሚገለበጠው ያኔ ነው። የሸዋ ሮቢቱ ጥበቃ ራሳቸው ፈልገው መብራቱን ተምረዋል። ስልካቸው ግን ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው፤ የአማርኛ ፊደሉን ባዶ ሣጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ሌላ ስምምነት አደረግን። ከሞደሙ ሁለት ሚስኮል ከደረሳቸው ባትሪያቸውን ይዘው ገብተው ያያሉ፣ 1 ወይም 2 ጽፈው ይልካሉ። ከጀመርን ሦስት ሳምንት ሆነን። እስካሁን አራት ጊዜ ተጠርተዋል፤ አራቱንም መልሰዋል።